ርካሽ ሆኖ እውነተኛ የሚመስል ሳር ለዲዮራማ (1፡72፣ አድዋ)

ዳግም72 · ጥር 4

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ ከወዲሁ።

60 በ40 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ የአድዋን ጦርነት አንዲት ቁራጭ በትንንሽ ሞዴል (ዲዮራማ) እየሠራሁ ነው። አንድ ተዳፋት፣ ከላይ የጣሊያን መድፍ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጡ የእኛ ሰዎች። ሰዎቹ 1፡72 ናቸው፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱ። ኮረብታውን ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚወጣው ነጭ ፎም ደራርቤ፣ በጋዜጣና በኮላ ሸፍኜ ጨርሻለሁ። እሱ ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ ሳሩ ነው።

መጀመሪያ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አምጥቼ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ በተንኩበት። ሲደርቅ የካራምቡላ ጠረጴዛ መሰለ። ባለቤቴ «ኬኩ መቼ ነው የሚቆረሰው?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከውጭ የሚመጣውን የፓኬት ሳር ደግሞ አንድ ዘመዴ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አንድ እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው፤ የሰሌዳውን አንድ ጥግ ሳይሸፍን አለቀ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ዝም አልኩ።

ለየካቲት 23 ማድረስ እፈልጋለሁ። ለምለም፣ እውነተኛ የሚመስል፣ ኪስ የማይጎዳ ሳር እንዴት ልሥራ?

ካርቶንና_መቁረጫ · ጥር 4

ሰጋቱራው ያልሆነልህ ሰጋቱራ ስለሆነ አይደለም። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት መጠን ስለሆነ ነው። ሜዳ ላይ ቆመህ ሳር ስታይ አንድ አረንጓዴ አታይም። አርክቴክቸር ስንማር ለ1፡500 ሞዴል በወንፊት የተነፋ ሰጋቱራ እንጠቀም ነበር፣ በዚያ ርቀት ይሠራል። ለ1፡72 ግን ሰዎችህ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፣ ስለዚህ ተመልካቹ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚያየው።

ስፖንጅ ሞክር። ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሂድና ቁርጥራጭ ጠይቅ፤ እነሱ የሚጥሉት ነው። በመቀስ ቆራርጠህ ከውሃ ጋር ብሌንደር ውስጥ አስገባው። ውሃ ከሌለው ይዞራል እንጂ አይፈጭም። (ብሌንደሩ የእናትህ ከሆነ አስቀድመህ ሌላ ፈልግ። እኔ ለሁለት ወር ጁስ አልቀመስኩም።) ጨምቀህ በሦስት ሳህን ክፈለው፦ አንዱን ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ወደ ቢጫ የሚያደላ አድርገህ በአክሬሊክ ቀለም እሸው። ከደረቀ በኋላ በሻይ ማጥለያና በወንፊት ደቃቁን ከሻካራው ለይ።

ስትበትን ከጥቁሩ ጀምር፣ ከዚያ መካከለኛውን በየቦታው፣ ቢጫውን ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ። ኮላውን በእኩል ውሃ አቅጥነህ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምርበት፤ ያለ ላርጎ ውሃው ስፖንጁ ላይ እንደ ዶቃ ይንከባለልና አይጠልቅም።

ቃጫው · ጥር 5

ስፖንጅ ቁጥቋጦ ነው እንጂ ሳር አይደለም። ሳር ይቆማል።

የቃጫ ገመድ ግዛ። አንድ ክንድ ይበቃሃል። ፍታው፣ አበጥረው፣ ቆራርጠው፣ ቀዳዳ በስተህ ኮላ ውስጥ እየነከርክ ትከል። ያረጀ ጆንያም ይሆናል፣ ጠርዙን ስትፈታው ክሩ እንዲሁ ይወጣልሃል። እኔ በ1፡35 የሠራሁት የወንዝ ዳር አለ፣ ያየው ሰው ሁሉ እውነተኛ ሰንበሌጥ ነው ብሎ ነው የሚነካው። ቀለም ከፈለግህ ስፌት ሰፊዎች አለላ የሚነክሩበትን የዱቄት ቀለም ገዝተህ ቀቅለው። አክሬሊክ ቀለም ቃጫን ያደርቀዋል፣ የተነከረው ግን እንደለሰለሰ ይቀራል።

ሽቱትጋርት_ባቡር · ጥር 5

እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። የሞዴል ባቡር ሠሪው የሜርክሊን አገር ጎፒንገን ለእኔ ቅርብ ስለሆነ ሳልወድ በግዴ የሞዴል ባቡር ሰው ሆኛለሁ። እዚህ ማንም ሳር አይበትንም፤ በኤሌክትሪክ ያቆመዋል። ርካሹን መንገድ ልንገርህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብረት ማጥለያ ከአንድ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጫፍ ጋር ይገናኛል፣ ሌላው ጫፍ እርጥቡ ኮላ ውስጥ ከተሰካ ሚስማር ጋር። ኮላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ማጥለያው ውስጥ ያለው ደቃቅ የናይለን ክር ቻርጅ ይይዝና በሁለቱ መካከል ባለው ኃይል ተስቦ፣ ቀጥ ብሎ በጫፉ ኮላው ላይ ይተከላል። ስትነቀንቀው ሳሩ ሲበቅል በዓይንህ ታያለህ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ስሆን መጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ጮኬያለሁ።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከየት ታመጣለህ? በባትሪ የሚሠራው የትንኝ መግደያ ራኬት ውስጥ አለ። መረቡን አውጥተህ ሁለቱን ሽቦ ታስረዝማለህ፣ አንዱን ለማጥለያው፣ አንዱን ለሚስማሩ። ማጥለያው የፕላስቲክ እጀታ ይኑረው። እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 4 ሚሊ ሜትር ክር ያቆማል። ከዚያ በላይ ለረዘመው አቅም የለውም፣ ፋብሪካ የሚሠራው መሣሪያ ጉልበቱ ብዙ እጥፍ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ካጠፋኸው በኋላም ውስጡ የተጠራቀመ ነገር ይቀራል። እጅህን ከማስገባትህ በፊት ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ አነካካ። ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ያለው ሰው አይንካው። የፀጉር ስፕሬይ አጠገቡ አትንፋ፣ ብልጭታና አልኮል አይስማሙም። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ደግሞ በሕልምህም አታገናኘው።

ጉልቻ · ጥር 5

ወንድሜ ይኼን አንብቤ ራኬቱን ፈታሁት። ሳር አልበቀለም፣ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ሽቱትጋርት_ባቡር · ጥር 5

@ጉልቻ ሽቦ አነካካ ያልኩትን አንቀጽ ዘለኸዋል ማለት ነው። ምን ዓይነት ክር ነው የተጠቀምከው?

ጉልቻ · ጥር 6

የአክስቴን የሹራብ ክር ከትፌ።

ሽቱትጋርት_ባቡር · ጥር 6

ለዚያ ነው። የሚሸጠው ናይለን ቻርጅ እንዲይዝ ተብሎ የታከመ ነው። ቤት ውስጥ የተከተፈ ክር ተጠቅልሎ እንደ ጥጥ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር የዚህ ዘዴ ወጪ መሣሪያው ሳይሆን ክሩ ነው፤ ክሩን ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ከሌለህ ራኬቱን መልሰህ ትንኝ ግደልበት።

የጡረታ_ማሳ · ጥር 7

ልጄ ዳግም፣ የአሠራሩን ነገር ለእነዚህ ልጆች ትቼዋለሁ፣ ከእኔ ይሻላሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በየካቲት ወር አድዋ አካባቢ ሄደህ ታውቃለህ?

እኔ በግብርና ልማት ሥራ ብዙ ዓመት በሰሜኑ ዞሬያለሁ። በዚያ አገር ዋናው ዝናብ የሚጥለው በክረምት ነው፣ መስከረም ላይ ያበቃል። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ዝናቡ ከቆመ አምስት ወር ገደማ አልፎታል ማለት ነው። አንተ ደግሞ ለምለም ሳር ትላለህ።

እህሉ ከታጨደ ቆይቷል። ማሳው ላይ ያለው ቃርሚያና ቁራጭ ገለባ ነው። የግጦሹ ሳር ነጥቷል። ቢጫ አላልኩህም፣ ነጥቷል ነው ያልኩህ። ጫፉ አመድማ፣ ሥሩ ቡናማ፣ በመካከሉ አፈሩ ይታያል። ይህ እንግዲህ በሰላሙ ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ላይ ደግሞ ከመቶ ሺህ የማያንስ የሚባል ሠራዊት ከነበቅሎው፣ ከነፈረሱ፣ ከነሰንጋው እዚያ ሰፍሮ ነበር። ስንቁ ሊያልቅበት እስኪቃረብ ድረስ ነው የቆየው። በዚያ አካባቢ ያልተጋጠ ሳር የት ይገኛል?

ሳር አስቀምጥ ካልከኝ እንስሳ አፉን የማያደርስበት ቦታ አስቀምጥ። በሁለት ድንጋይ መሐል፣ እሾህ ሥር፣ ገደል አፍ ላይ። የቀረው ድንጋይና አፈር ነው።

ጉልቻ · ጥር 7

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ተሳክቶላታል ማለት ነው። 😂

ዳግም72 · ጥር 7

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ተናድጄም አፍሬም ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ ሁለት ፌስታል ሙሉ ስፖንጅ በሦስት ዓይነት አረንጓዴ ነክሬ በረንዳ ላይ አስጥቻለሁ። ጎረቤት መጥቶ ጎመን ነው ወይ አለኝ።

ወሩን አውቀዋለሁ እኮ! በየዓመቱ አከብረዋለሁ። ቀኑን ከሳሩ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። ልጅ ሆኜ ያየኋቸው ሥዕሎች መሬታቸው አረንጓዴ ስለነበር ይመስለኛል።

እሺ፣ አሁን ጥያቄዬ ተገለበጠ። የደረቀ፣ የተጋጠ፣ የነጣ ሳር በ1፡72 በምን ይሠራል?

ቃጫው · ጥር 7

ይኸው! ቃጫ ያለ ቀለም። ተፈጥሮው የደረቀ ሳር ነው። ክርክሩ አለቀ።

ካርቶንና_መቁረጫ · ጥር 8

አላለቀም። ከሰነፍነቴ ተነሥቼ ለካሁት። የእኔ የቃጫ ክር ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ72 ስታባዛው 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚወፍር ሳር ያለው የትኛው አገር ነው? ሸምበቆ ነው የሠራኸው። በ1፡35 ሰባት ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የአንተ ሰንበሌጥ ያምራል፣ እሱን አልካድኩም፤ የሰንበሌጥ አገዳ ወፍራም ነው።

ሰው የሳርን ቁመት ብቻ ነው የሚያሰላው። ቁመት ቀላል ነው፣ በመቀስ ይስተካከላል፦ ጉልበት የሚደርስ ሳር 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በ1፡72 ሰባት ሚሊ ሜትር ነው፣ ማሳ ላይ የቀረ 10 ሳንቲ ሜትር ገለባ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም። ውፍረት ግን በመቀስ አይስተካከልም። ዓይን «ይኼ መጫወቻ ነው» የሚለው በውፍረቱ ነው።

ቃጫው · ጥር 8

... እሺ። ለ1፡72 ተቀብያለሁ። ለ1፡35 ግን ከነገመዴ እዚሁ ነኝ።

ባና_ለባሽ · ጥር 8

ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምሄደው፤ ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

ዳግም ወንድሜ፣ የምትፈልገው ነገር በየሰው ደጅ ተጥሏል። የገና በግ ቆዳ። ድሮ «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞር ነበር፣ ዘንድሮ እኛ ሰፈር የሚገዛ ጠፍቶ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የበግ ጠጉር ከቃጫ እጅግ ይቀጥናል፣ ሻካራው እንኳ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ72 አባዛው፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ከምናምን። የሳር ቅጠል ማለት ነው። የመንዝ በግ ከሆነ ደግሞ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ ስለሆነ ይቆማል፤ በጣም ለስላሳው ይተኛብሃል። ቀለሙን መምረጥ ነው፦ ነጭ፣ ዳለቻ፣ ቡናማ። ሦስቱን ካገኘህ ቀለም መቀባትም አያስፈልግህ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቆዳውን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ እንዳታስብ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ሲደርቅ ይጠቀለላል፣ ይሸታል፣ ትል ይገባዋል። ጠጉሩን ብቻ ሸልት፣ ያልታጠበ ስለሆነ ጓንት አድርግ። በሞቀ ውሃና በላርጎ ሁለት ጊዜ እጠበው። ጠጉሩ ስብ አለው፤ ስቡ ካልወጣ ኮላም አይዘው ሻይም አይዘልቀው። አዎ ሻይ ብያለሁ። ነጩ ጠጉር በጣም ከነጣብህ ጥቁር ሻይ አወፍረህ አፍላና ዘፍዝፈው። ሩብ ሰዓት የቆየው የነጣ ሳር፣ ሌሊቱን ያደረው የመከር ገለባ ይመስላል። ከአንድ ባሊ ሁለት ሦስት ቀለም ታወጣለህ።

ከደረቀ በኋላ በሚዶ አበጥረው። የክር ያህል ቀጭን ጭብጥ ይዘህ ጫፉን ኮላ ውስጥ ንከርና የተወጠረ ፌስታል ላይ አቁመው። ኮላ ፌስታል አይዝም፤ በነጋታው ይላጥልሃል። ሥር ያለው አንድ ቁጥቋጦ ሳር እጅህ ላይ አለ ማለት ነው። በወረንጦ ይዘህ የፈለግህበት ድንጋይ ሥር ትከለው፣ ከተተከለ በኋላ በመቀስ ከርክመው። አንድ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ሃምሳ ስድሳ እሠራለሁ።

ሽቱትጋርት_ባቡር · ጥር 9

እህቴ፣ እዚህ አገር ይኼው ቁጥቋጦ በፓኬት ታሽጎ ነው የሚሸጠው። በሻይ መንከሩን ግን ማንም አልነገረኝም። ነገ የሱፍ ክሬን አፈላዋለሁ።

ጤዛ · ጥር 9

ለምን ይኼን ሁሉ ልፋት? እውነተኛ የደረቀ ሳር ቆርጦ ማስቀመጥ አይቀልም? የጤፍ ጭድ እንደሆነ ቀጭን ነው፣ ነጻ ነው፣ ቀለሙም ራሱ ነው።

ካርቶንና_መቁረጫ · ጥር 9

@ጤዛ የጤፍ አገዳም ከፀጉር ይወፍራል፣ ከዚያ ደግሞ ሲደርቅ ስለሚሰበር ስትከለው በእጅህ ይደቃል። ሌላም ታሪክ አለኝ። አንድ ጊዜ የገጠር ግቢ ሠርቼ እውነተኛ ጭድ ከምሬ መስታወት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከስምንት ወር በኋላ ስከፍተው ክምሩ ዱቄት ሆኗል፣ ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። ነቀዙ አልበቃ ብሎት የጎጆዬን ክዳን ጀምሮታል። ዕፅዋት የምትጠቀም ከሆነ አስቀድመህ ምድጃ ውስጥ በትንሽ እሳት አድርቀው፣ ከላይ ደግሞ በቀጭን ኮላ አሽገው።

የጡረታ_ማሳ · ጥር 9

@ጤዛ ጭዱ ለመሬቱ ይሆናል። በሻይ ማጥለያ ነፍተህ ደቃቁን ብናኝ ማሳው ላይ በትነው፣ ከዐውድማ የተረፈ ይመስላል።

ዳግም፣ ማሳ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ቁራጭ ገለባውን በመስመር እንዳትደረድር። በመስመር መዝራት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በዚያን ዘመን ጤፍ በብተና ነበር የሚዘራው፣ ገለባው እንደ ሰው ጺም ነው የሚቆመው፣ እዚህ ጠቅጠቅ እዚያ ሳሳ።

ዳግም72 · ጥር 19

ጥምቀት አለፈ፣ ቆዳ ከጎረቤት ተገኘ (ለመውሰዴ አመሰገኑኝ)። የሙከራ ውጤት ልዘርዝር፣ ሰው ተመሳሳይ ስሕተት እንዳይሠራ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ስቡን አንድ ጊዜ ብቻ አጥቤ ነበር። ሻዩ አልያዘውም፣ የተሸበሸበ ነገር ወጣ። ሁለተኛ አጠብኩት፣ ያዘ። ባና ለባሽ የምትለውን መስማት ነው።

የሁለተኛው ቀን፦ ኮላ አበዛሁ። ኮላው በጠጉሩ ወደ ላይ ተስቦ ሁሉንም አጣብቆ ቁጥቋጦው ዝናብ የመታው በግ መሰለ። አሁን ኮላውን ሳህን ላይ በጣም ስስ አድርጌ እዘረጋና ጫፉን ብቻ፣ ነካ አድርጌ አነሣለሁ።

ሦስተኛው ችግር ግን አልተፈታም። የተከልኩበት ቦታ ኮላው ሲደርቅ ያብረቀርቃል። ከመስኮቱ በኩል ስታየው እያንዳንዱ ሳር ሥር ቀንድ አውጣ የሄደበት ይመስላል። ምን ላድርግ?

ካርቶንና_መቁረጫ · ጥር 19

ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ኮላው ሳይደርቅ በደቃቁ የተነፋ አፈር በላዩ ነስንስ፣ ሲደርቅ ትርፉን በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። አፈሩ ብርሃኑን ይውጠዋል። ለቀረው ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ በሩቁ ንፋ። አፈሩን ግን ከመንገድ ዳር እንዳለ አታምጣ፤ ነፍተህ መጥበሻ ላይ ቆላ አድርገው፣ ሕይወት ያለው ነገር እንዳይገባ። የቡና አተላም ለጥላ ቦታ ያምራል፣ በደንብ ካልደረቀ ግን በሳምንቱ ሻጋታ ያወጣል። ስለ ሻጋታው በልምድ ነው የምናገረው፣ አትጠይቁኝ።

ባና_ለባሽ · ጥር 20

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ሳር አንድ ቁመት አትከርክም። የተጋጠ ሳር ጫፉ የተቆረጠና የደነዘ ነው፣ ያልተጋጠው ደግሞ ጫፉ ቀጭንና የተንጨባረረ። መሬቱን የሚሸፍነውን ከርክመው፣ በእሾህ ሥር ያለውን ተወው። ጋሼ ያሉት ያኔ ነው ሰው ሳይነገረው የሚገባው።

ዳግም72 · የካቲት 18

አለቀ። ፎቶ ከታች አለ፣ ከጎንና ከላይ።

መሬቱ ከሞላ ጎደል አፈርና ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ጠጠር፣ ቡናማና ግራጫ የተቀባ። ሳሩ ዘጠና ገደማ ቁጥቋጦ ነው፣ ሰሌዳውን ለሞላ አረንጓዴ ካሰብኩት አንድ አሥረኛ አይሆንም። እውነት ለመናገር ሳሩን ስቀንስ ነው ኮረብታው ኮረብታ የሆነው። ለሳር ብቻ ያወጣሁት የኮላ፣ የሻይ ቅጠልና የላርጎ ዋጋ ነው። ሻዩንም ከቤት ነው የሰረቅኩት።

ባለቤቴ አይታ «ይኼስ ውሃ ያስጠማል» አለች። ከእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉልቻ · የካቲት 18

መድፉ ጀርባ ያለው ዳለቻው ሳር! ቆዳውን የሰጡህ ጎረቤት በጉን ያውቁታል ወይ? 😂 ሥራህ ይባረክ፣ ከልቤ ነው።

የጡረታ_ማሳ · የካቲት 19

ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነው ደጋግሜ ያየሁት። የነጣው ሳር ልክ ነው። ድንጋዩ ሥር ያለው አፈር መጥቆሩም ልክ ነው።

ከፈቀድክልኝ አንዲት ነገር። ሰዎቹ ወደ ላይ እየሮጡ ነው፣ ከኋላቸው ያለው ሳር ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ያህል ሰው ያለፈበት ሳር ይተኛል፣ ያውም ወደሄዱበት አቅጣጫ። ሁሉንም አትንካ። የመጨረሻው ሰው ካለፈበት በታች ያሉትን ብቻ።

ዳግም72 · የካቲት 19

ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይኼ ሰሌዳ ዛሬም የካራምቡላ ጠረጴዛ ነበር። አሁኑኑ ጣቴን አርጥቤ አሥራ አንዱን አስተኛኋቸው። ሰዎቹ መንቀሳቀስ የጀመሩ መሰለኝ፣ በእውነት ነው የምለው።

ጤዛ · የካቲት 19

ያ ሁለት ፌስታል አረንጓዴ ስፖንጅስ? ጣልከው?

ዳግም72 · የካቲት 19

እንዴት እጥለዋለሁ! ለመስከረም አስቀምጬዋለሁ። ደመራ ልሠራ ነው፣ ያኔ አረንጓዴው ቦታውን ያገኛል። አደይ አበባውን ለማድረግ እርድ ብነሰንስበት ምን ይመስላችኋል?

ባና_ለባሽ · የካቲት 20

እርድ ብርሃን ላይ ይገረጣል፣ ለገና ሳይደርስ ነጭ አበባ ይሆንብሃል። የተነፋ ሰጋቱራ ቢጫ አክሬሊክ ቀብተህ ተጠቀም። ያ መጀመሪያ የጣልከው ሰጋቱራ ካለ እሱኑ።

ካርቶንና_መቁረጫ · የካቲት 20

አደይ አበባ ከዳር እስከ ዳር አራት ሳንቲ ሜትር ብንል በ1፡72 ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ሰጋቱራውን በጣም ደቃቅ በሆነው ማጥለያ ንፋው። ከዚያ ከበለጠ ሱፍ አበባ ነው የምትዘራው።